ከጀሶ እስከ ብርሃን፦ የጥርስ አምሳያ ታሪክና የማንኪራ ጥያቄ

ሰው በሕይወት ሳለ ከአካሉ ክፍሎች ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚከዳው ጥርሱ ነው፤ ከሞተ በኋላ ግን ከሁሉ ዘግይቶ የሚፈርሰው ይኸው ጥርሱ ነው። ቆዳ ሲቆስል ይሽራል፤ አጥንት ሲሰበር ይጠገናል፤ የጥርስን ላይኛ ክፍል የሚሸፍነው ኢናሜል ግን አንድ ጊዜ ከተበላ ተመልሶ አይበቅልም። በአንጻሩ ደግሞ ኢናሜል ከሰው አካል ሁሉ እጅግ ጠንካራው ክፍል በመሆኑ፣ ተስማሚ አፈር ካገኘ ሚሊዮን ዓመታትን ይሻገራል። ስለዚህ የጥርስ ባለሙያ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ነገር ሲመኝ ኖሯል። አንደኛው፣ የሚጠፋውን ጥርስ መልክ ሳይጠፋ ይዞ ማቆየት ነው። ሁለተኛው፣ ጥርሱን ከባለቤቱ ሳይለዩ ወደ ሠራተኛው ጠረጴዛ ማምጣት ነው። የእነዚህ የሁለቱ ምኞቶች መልስ አምሳያ ይባላል።

በዛሬው ጊዜ አምሳያ የሚሠራው በሰምና በጀሶ ብቻ አይደለም። ኮምፒዩተር ከፎቶግራፎች ወይም ከብርሃን ጨረር የጥርስን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ አስልቶ፣ በማንኛውም አቅጣጫ ሊገላበጥ የሚችል ባለ ሦስት አውታር አምሳያ ይሠራል። ይህ የኮምፒዩተር ዕይታ የተባለው ጥበብ ታሪኩ ሲነገር ሊዮንና ዙሪክ፣ ቶኪዮና ግሬኖብል ይነሣሉ። ኢትዮጵያም በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ አላት፤ ሆኖም ስፍራዋ በሕያዋን ልጆቿ አፍ ሳይሆን ከአፋር ምድር በወጡ የጥንት ጥርሶች በኩል የተገኘ ነው። ስለሆነም በከፋ ዞን በዴቻ ወረዳ፣ በማንኪራ ደን ዳር ለሚኖር አንድ ገበሬ ይህ ጥበብ ምን ያመጣለታል? ከእርሱስ ምን ይወስዳል? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል። መልሱን ለማግኘት ግን አስቀድሞ አምሳያ የመጣበትን መንገድ መከተል ያሻል።

ሰምና ጀሶ

ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር የጥርስ ሕክምናን ራሱን የቻለ ሙያ ያደረገውን ታላቅ መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1728 ነው። በዚያ ዘመን ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ባለሙያ አጥንት ወይም የዝሆን ጥርስ እየፈለፈለ፣ በታካሚው አፍ ውስጥ እየሞከረ፣ እንደገና እየፋቀ ይሠራ ነበር። የታካሚው አፍ ራሱ የመሥሪያ ቦታ በመሆኑ ድካሙም ሥቃዩም በታካሚው ላይ ይወድቅ ነበር።

ይህን ልማድ የሚቀይረውን ዘዴ በጽሑፍ ያሰፈረው የፕሩሲያው ንጉሥ የዳግማዊ ፍሬድሪክ የጥርስ ሐኪም ፊሊፕ ፕፋፍ ነው። ፕፋፍ እ.ኤ.አ. በ1756 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በሙቀት የለሰለሰ ሰም በድዱ ላይ ተጭኖ ልኩ እንዴት እንደሚወሰድ፣ በሰሙ ውስጥ በቀረው ጉድጓድም ጀሶ ፈስሶ የአፉ አምሳያ እንዴት እንደሚገኝ ገለጸ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በሙያው ውስጥ ትልቅ ለውጥ አመጣ። ከዚያ ወዲህ ታካሚው በቤቱ ተኝቶ ሳለ ሠራተኛው በጀሶው ላይ መሥራት ቻለ። ሐኪሙና የጥርስ ቴክኒሺያኑ ሁለት የተለያዩ ሰዎች፣ ክሊኒኩና ቤተ ሙከራውም ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ለመሆን የበቁት በዚሁ ምክንያት ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በድኝ የጠነከረ ጎማ ለሰው ሠራሽ ጥርስ መደገፊያ መዋል ሲጀምር የጀሶው አምሳያ ዋጋ ይበልጥ ከፍ አለ። ጎማው በጀሶው ላይ ቅርጹን ይዞ የሚጠነክር በመሆኑ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ከሚገዙት ባለጸጎች እጅ ወጥቶ ወደ መካከለኛው ኅብረተሰብ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1856 እንግሊዛዊው ቻርልስ ስቴንት ሲሞቅ የሚለሰልስ፣ ሲቀዘቅዝ የሚጠነክር ልክ መውሰጃ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1925 ደግሞ አልፎንስ ፖለር ከባሕር ሣር የሚገኘውን አጋር የተባለ ነገር ለዚሁ ሥራ አዋለ። አጋሩ በብዛት የሚመጣው ከጃፓን ስለነበረ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መንገዱን ሲዘጋው ሌላ መፈለግ ግድ ሆነ። ከሌላ የባሕር ሣር የሚሠራው አልጂኔት የተስፋፋውም በዚያ ችግር ሳቢያ ነው። ርካሽና ለአያያዝ ቀላል በመሆኑ እስከ ዛሬ ድረስ በክሊኒኮች ሁሉ ይገኛል።

አልጂኔት ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ውኃው ሲተንን ይኮማተራል። ልኩ ከአፍ እንደወጣ ሳይዘገይ ጀሶ ካልፈሰሰበት የጥርሱ መልክ ይዛባል። ጀሶውም ቢሆን ከባድና ተሰባሪ ነው፤ በረጅም መንገድ በመኪና ሲንገጫገጭ የአንዲት ጥርስ ጫፍ ብትሸረፍ ሥራው ሁሉ ይበላሻል። በመሆኑም ፕፋፍ ጥርሱን ከታካሚው አፍ ወደ ጠረጴዛው ቢያመጣውም፣ ጠረጴዛው ከታካሚው ብዙ መራቅ አልቻለም። ይህ የርቀት ገደብ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆየ።

ፎቶግራፍ መለኪያ ሲሆን

ገደቡን የሰበረው ጥበብ የተወለደው ከጥርስ ሕክምና ውጭ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን እ.ኤ.አ. በ1838 ሁለቱ ዓይኖች አንድን ነገር ከየራሳቸው ማዕዘን ስለሚያዩት አእምሮ ከሁለቱ ሥዕሎች ልዩነት ጥልቀትን እንደሚገነዘብ አስረዳ። ፎቶግራፍ ሲመጣ ይህ እውቀት ለመለኪያነት ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1858 ጀርመናዊው የሕንፃ ባለሙያ አልብሬኽት ማይደንባወር የቬትስላርን ካቴድራል ግድግዳ ሲለካ ከከፍታ ላይ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ አደጋ በኋላ ግድግዳው ላይ መንጠልጠል ቀርቶ ግድግዳውን በፎቶግራፍ መለካት ይቻላል የሚለውን አሳብ ተከተለ፤ ለሙያውም ፎቶግራሜትሪ የሚለውን ስም ሰጠው። በፈረንሳይም ኤሜ ሎስዳ ይህንኑ መንገድ ለካርታ ሥራ አዋለው።

የአሠራሩ መሠረት እንደሚከተለው ነው። አንዲት ነጥብ፣ ለምሳሌ የአንድ ክራንቻ ጫፍ፣ ከሁለት ቦታ በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ ትታያለች። ካሜራው በየጊዜው የት እንደነበረ ከታወቀ፣ ከእያንዳንዱ ካሜራ ወደ ነጥቧ የሚሄደውን መስመር ማስላት ይቻላል። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ የነጥቧ ትክክለኛ ስፍራ ነው። ይህ ስሌት በሺህ ለሚቆጠሩ ነጥቦች ሲደገም የነጥቦቹ ክምችት የጥርሱን ገጽ ይመስላል። ቀደም ሲል ተመሳሳዮቹን ነጥቦች የሚፈልገው ሰው ነበር። ኮምፒዩተር ይህን ሥራ ሲረከብ፣ ነጥቦቹን ራሱ ያዛምዳል፤ ካሜራው የቆመበትንም ቦታ ከፎቶግራፎቹ ያሰላል። አሜሪካዊው ላውረንስ ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1963 ኮምፒዩተር ከአንድ ፎቶግራፍ የጠጣር ነገሮችን ቅርጽ እንዴት ሊረዳ እንደሚችል ያሳየበት የመመረቂያ ጽሑፉ ለዚህ መስክ ፋና ወጊ ሆኗል።

በጥርስ ሕክምና ውስጥ አሳቡን ቀድሞ ያነሣው ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ዱሬ ነው። ዱሬ እ.ኤ.አ. በ1973 በሊዮን ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የጥርስን ልክ በሰም ወይም በአልጂኔት ፈንታ በብርሃን መውሰድ እንደሚቻል አመለከተ። በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ቬርነር ሞርማንና ማርኮ ብራንደስቲኒ አፍ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ካሜራ ከመፍለጫ መሣሪያ ጋር አጣምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ሴሬክ በተባለው መሣሪያ የመጀመሪያውን የሴራሚክ ሙሌት ለታካሚ ሠሩ።

ይሁን እንጂ አፍ ለካሜራ አስቸጋሪ ስፍራ ነው። ጥርስ በምራቅ የራሰ በመሆኑ ያብለጨልጫል። ኢናሜልም ብርሃንን በከፊል ያሳልፋል፤ ገጹም ለስላሳ ስለሆነ ኮምፒዩተሩ የሚይዛቸው ምልክቶች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ሞርማንና ብራንደስቲኒ በጥርሱ ላይ ስስ ነጭ ዱቄት መንፋት ነበረባቸው። ኋላ የመጡት መሣሪያዎች ደግሞ ምልክቱን በራሳቸው ይፈጥራሉ፤ ይኸውም የብርሃን መስመሮችን በጥርሱ ላይ አሳርፈው፣ መስመሮቹ በጥርሱ ቅርጽ ላይ ሲታጠፉ የመታጠፋቸውን መጠን ይለካሉ።

የአፋር ጥርሶች

ኢትዮጵያ ወደዚህ ታሪክ የገባችው በሌላ በር ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ለአካለ መጠን የደረሰች መሆኗ ከታወቀባቸው ምልክቶች አንዱ የመጨረሻው የመንጋጋ ጥርሷ መብቀሉ ነው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ይህች ቅሪት ለጥናት ወደ አሜሪካ በስምምነት ተወስዳ ከቆየች በኋላ ወደ አገሯ ተመለሰች። አዲስ አበባ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ለሕዝብ የሚታየው አምሳያዋ ሲሆን፣ እውነተኛው አጥንት በጥብቅ ማከማቻ ይቀመጣል። በጥርስ ሐኪሙ ክፍል ታካሚው እንዳይሠቃይ የተፈጠረው አምሳያ፣ በሙዚየሙ ደግሞ ቅርሱ እንዳይጎዳ ጠባቂ ሆነ ማለት ነው።

ታኅሣሥ 8 ቀን 1985 ዓ.ም. ጃፓናዊው ጌን ሱዋ በመካከለኛው አዋሽ በአራሚስ አንድ የመንጋጋ ጥርስ አገኘ። ከዚያ የቀጠለው ፍለጋ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለውን አርዲፒቴከስ ራሚደስን አስተዋወቀ። ከዝርያው አርዲ የተባለችው ቅሪት የራስ ቅሏ ተሰባብሮና ተጨፍልቆ በመገኘቱ፣ ስብርባሪው በእጅ ቢነካካ ሊፈርስ ይችል ነበር። ስለሆነም ሱዋ ቁርጥራጮቹን በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ በረቂቅ የራጅ ስካነር አንሥቶ፣ ከዓመታት ድካም በኋላ ራስ ቅሉን በኮምፒዩተር ገጣጠመው። ውጤቱ በመስከረም ወር 2002 ዓ.ም. ሲወጣ ስለ ጥርሶቹ የቀረበው ጥናት ከ21 ባላነሱ ግለሰቦች የተገኙ ከ145 የሚበልጡ ጥርሶችን ያካተተ ነበር። ያልተቆረጡ፣ ያልተፋቁ ጥርሶች የኢናሜላቸው ውፍረት ከውስጥ ተለካ። የወንዶቹ ክራንቻ እንደ ቺምፓንዚ ክራንቻ የተሳለ መሣሪያ አለመሆኑም ተመዘገበ፤ ከዚህም ተነሥተው ተመራማሪዎቹ በወንዶች መካከል የነበረው ጠብ የቀነሰ ሳይሆን አይቀርም የሚል አሳብ አቀረቡ።

በነሐሴ 1999 ዓ.ም. ሱዋ፣ ብርሃነ አስፋው፣ ዮናስ በየነና ባልደረቦቻቸው ከጮሮራ አካባቢ የተገኙ ዘጠኝ ጥርሶችን ለዓለም አስተዋወቁ። ቾሮራፒቴከስ አቢሲኒከስ የተባለው ይህ የጥንት ጦጣ መሰል ፍጡር የሚታወቀው በእነዚህ ጥርሶች ነው። በረቂቅ ስካነር የተሠራው አምሳያ ከኢናሜሉ ሥር ያለውን ገጽ ገልጦ ሲያሳይ፣ የመንጋጋ ጥርሶቹ አሠራር ወደ ጎሪላ የሚያዘነብል ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ ወደ 10 ሚሊዮን ዓመት የተገመተው ዕድሜያቸው ኋላ በተደረገው ጥናት ወደ 8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተስተካክሏል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን የሰላም ታሪክ ነው። ታኅሣሥ 1 ቀን 1993 ዓ.ም. የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን በዲኪካ ያገኛት ይህች ሕፃን 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት። የወተት ጥርሶቿ በአፏ እንዳሉ፣ ተተኪዎቹ ቋሚ ጥርሶች ገና በመንጋጋዋ ውስጥ ተሸሽገው ነበር። መንጋጋውን መስበር የማይታሰብ በመሆኑ በራጅ ስካነር ብቻ ታዩ፤ በዚያ ጊዜም ዕድሜዋ ወደ ሦስት ዓመት ተገመተ። በኋላ በፈረንሳይ ግሬኖብል በሚገኘው ታላቅ የጨረር ማዕከል በተገኙት ምስሎች፣ በጥርሷ ውስጥ እንደ ዛፍ ቀለበት የተደረደሩት የዕለት ተዕለት የዕድገት መስመሮች ተቆጠሩ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው ጥናት ሰላም የሞተችው በ861 ቀን፣ ማለት በሁለት ዓመት ከአራት ወር ገደማ ዕድሜዋ መሆኑን አስታወቀ። የአንዲት ሕፃን የሕይወት ቀናት ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በኋላ አንዲት ጥርስ ሳትነካ ተቆጠሩላት።

ይህ ሁሉ ሲሆን በባለቤትነት ረገድም ትምህርት ተገኝቷል። ድንቅነሽ በአሜሪካ ለትዕይንት በቆየችበት ጊዜ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በአሥር ቀን ውስጥ ከ35 ሺህ በላይ የራጅ ምስል ተነሥታለች። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. የአንዳንድ አጥንቶቿ ባለ ሦስት አውታር አምሳያ ማንም አትሞ እንዲማርበት ሲለቀቅ፣ የተለቀቀው በኢትዮጵያ ብሔራዊ ሙዚየም ፈቃድ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም የጥንት ቅሪት ፈላጊው እጅ የገባ ዕቃ ሳይሆን የአገር ሀብት መሆኑን አጽንቷል። እውነተኛው በአገሩ ይቀመጣል፤ አምሳያው በፈቃድ ይጓዛል። በዚህ ሥርዓት ሳይንስም ተጠቀመ፤ አገርም አልተነጠቀችም።

ከማንኪራ የወጣው ዘር

የከፋ ምድር እንደ አፋር አይደለም። እርጥብና አሲዳማ በሆነ የደን አፈር ውስጥ አጥንት ቶሎ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ማንኪራ የጥንት ሰው ጥርስ አስረክቦ ስሙን አላስጠራም። ማንኪራን ያስጠራው የቡና ዘር ነው። ሰው ሳይተክለው በደኑ ጥላ ሥር የሚበቅለው ቡና፣ የአካባቢው ሕዝብ የቡና መገኛ እያለ የሚኮራበት ነው። የከፋ ደንም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል።

የጥርስ ባለሙያ ከቡና ምን ይማራል ቢባል፣ መልሱ ዘርም እንደ አምሳያ መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ከወጣ ይባዛል፤ የተባዛው ደግሞ ከየት እንደመጣ በራሱ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አማካይነት የመጣ ቡድን ከኢትዮጵያ የቡና ዘር ሰብስቦ ወደ ብዙ አገሮች አከፋፈለ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በከፋና በኢሉባቦር ሰበሰቡ። ከመጀመሪያው ስብስብ የተገኙ ተክሎች በኮስታ ሪካ በኩል ብራዚል ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ከእነዚሁ ኢትዮጵያዊ ተክሎች መካከል በተፈጥሮው ካፌን የሌለው ሊባል የሚችል ቡና ማግኘታቸውን ባስታወቁ ጊዜ፣ የጥቅሙ ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ዘሩ ሲወጣ የተሰረቀ አልነበረም፤ በበጎ ፈቃድ፣ ለሳይንስ ተብሎ የተሰጠ ነበር። የጎደለው ነገር ጥቅም በተገኘ ጊዜ ወደ ምንጩ የሚመልሰው ስምምነት ነው።

አበው «ጥርስ ባዳ ነው» የሚሉት ልብ እያዘነ ጥርስ ስለሚስቅ ነው። በዛሬው ጊዜ ግን ጥርስ በሌላም መንገድ ባዳ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱ በማንኪራ ሳለ የጥርሱ አምሳያ ባለቤቱ በማያውቀው አገር፣ በማያውቀው ኮምፒዩተር ውስጥ ሊያድር ይችላል።

ሕያው አፍ

አንድ ታካሚ ለጎደሉት ጥርሶቹ ምትክ ለማሠራት በጥቂቱ አራት ጊዜ ከባለሙያ ፊት መቅረብ ይኖርበታል፤ አንድ ጊዜ ልክ ለመስጠት፣ አንድ ጊዜ የላይና የታች መንጋጋው የሚገጥምበትን ለማሳየት፣ አንድ ጊዜ ለሙከራ፣ አንድ ጊዜም ለመረከብ። ለከተማ ሰው ይህ አራት ከሰዓት በኋላ ማለት ነው። ለማንኪራ ገበሬ ግን አራት መንገድ ነው። ቦንጋ ከአዲስ አበባ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የጥርስ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት የጅማ ዩኒቨርሲቲ እንኳ ከቦንጋ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቡና በሚለቀምበት ወራት ከእርሻው የተለየ ሰው የዓመት ገቢውን ያጎድላል። በዚህ ምክንያት ጥርሱ የታመመ ሰው ሕክምናውን ማስነቀል ብቻ አድርጎ ቢቆጥረው፣ በተነቀለው ምትክ ሌላ መሥራትንም ከነጭራሹ ባያስበው አያስደንቅም።

የኮምፒዩተር ዕይታ ሊያቃልለው የሚችለው ይህን የመንገድ ሸክም ነው። አፍ ውስጥ የሚገባው ስካነር ውድ ነው፤ በየጤና ጣቢያው ይደርሳል ብሎ መጠበቅም አይቻልም። ሆኖም መካከለኛ መንገድ አለ። በቅርብ በሚገኝ ክሊኒክ በአልጂኔት ልክ ይወሰዳል፤ ወዲያው ጀሶ ይፈስበታል። የጀሶው ገጽ የማያብለጨልጭና ብርሃን የማያሳልፍ በመሆኑ ለካሜራ ከአፍ ይልቅ እጅግ ይመቻል። አምሳያው በዝግታ እየዞረ፣ ከላይም ከጎንም ተደራራቢ ፎቶግራፎች ይነሡለታል፤ መጠኑም እንዲታወቅ ማስመሪያ ከጎኑ ይደረጋል። ይህ ማስመሪያ የማይታለፍ ነው፤ ፎቶግራፍ ቅርጽን እንጂ መጠንን በራሱ አይናገርምና። ከዚያ በኋላ የሚጓዘው ጀሶው ሳይሆን ፎቶግራፉ ነው። በመንገድ አይሸረፍም፤ አይኮማተርም። በጅማ ወይም በአዲስ አበባ ያለው ባለሙያ አምሳያውን አገላብጦ ማየት፣ መለካትና ሥራውን ማቀድ ይችላል። አራቱ መንገድ ወደ ሁለት ቢወርድ እንኳ ለገበሬው ትልቅ እፎይታ ነው።

ባለሙያዎች ግን የዚህን ጥበብ ወሰን ጠንቅቀው ማወቅ አለባቸው። አምሳያ ገጽን እንጂ ውስጥን አያሳይም፤ ከሥር የተደበቀ መበስበስ ወይም በጥርስ ሥር ያለ መግል የሚታወቀው በራጅና በሐኪሙ ምርመራ ነው። ትናንሽ ስሕተቶች ከጥርስ ጥርስ እየተጠራቀሙ ስለሚሄዱ፣ ለአንድ ጥርስ የሚበቃው ትክክለኛነት ለሙሉ መንጋጋ ላይበቃ ይችላል። ጥርስ ጨርሶ የሌለበት ድድም ለስላሳና ተንቀሳቃሽ በመሆኑ ለኮምፒዩተሩ ያስቸግራል። ልኩ በመጥፎ ከተወሰደ ደግሞ ያማረው አምሳያ የመጥፎው ልክ ትክክለኛ ቅጂ ከመሆን አያልፍም።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። ዛሬ ኮምፒዩተሩ አምሳያውን ከመሥራት አልፎ እያንዳንዱን ጥርስ ከድዱ ለይቶ በቁጥሩ መጥራት ይማራል፤ የሚማረውም ብዙ አፎችን በማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ለተደረገ ዓለም አቀፍ ውድድር የ900 ታካሚዎች 1,800 ባለ ሦስት አውታር ምስሎች ቀርበው ነበር፤ የተሰበሰቡትም በአመዛኙ ከፈረንሳይና ከቤልጅግ ክሊኒኮች ነው። በኢትዮጵያ ግን በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂ፣ በውኃው ፍሎራይድ ምክንያት ኢናሜላቸው የተቦረቦረ ሰዎች አሉ። በአንዳንድ አካባቢዎች በሕፃንነታቸው ያልበቀለ የወተት ክራንቻ በልማድ ተፈልቅቆ የወጣባቸው፣ በዚህም የተነሣ ቋሚው ክራንቻቸው የተጎዳ ሰዎች ይገኛሉ። እንዲህ ያለ አፍ አይቶ የማያውቅ ኮምፒዩተር ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ የኢትዮጵያውያን ጥርስ አምሳያ ለትምህርቱ ያስፈልጋል፤ የሚሰጥበት ሥርዓት ግን ከመሰጠቱ በፊት መታወቅ ይኖርበታል።

የባለሙያው አደራ

ሥርዓቱ ከባዶ የሚጀመር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ይመድባል። የጥርስ አምሳያ ደግሞ የጤና መረጃ ብቻ አይደለም፤ አስከሬን ሲቃጠል ወይም ሲፈርስ ሰው ከሚታወቅባቸው ምልክቶች ዋነኛው ጥርስ በመሆኑ፣ አምሳያው የሰውየው መታወቂያ ነው። ስሙን ስለሰረዙለት ብቻ ባለቤት የሌለው አይሆንም።

ከሙዚየሙ ልምድ የሚወሰደው ትምህርትም ግልጽ ነው። ዋናው መዝገብ ታካሚው በታከመበት ቦታ ይቀመጥ፤ ቅጂው ሲጓዝ ለምን ሥራ፣ ለማን፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ በጽሑፍ ይታወቅ። ታካሚው የሚጠየቀው በሚሰማው ቋንቋ፣ በማንኪራ ከሆነም በካፊኖኖ ይሁን፤ እምቢ ቢል ሕክምናው አይጓደልበት። አምሳያው ለሌላ ጥናት ውሎ ጥቅም ከተገኘም፣ ጥቅሙ የሚመለስበት መንገድ አስቀድሞ ይጻፍ። የጥርስ ሕክምና ተማሪዎችም ከጀሶና ከአልጂኔት ጋር ፎቶግራሜትሪን ከወሰኑ ጋር ቢማሩ፣ ቴክኒሺያኖችም ጥበቡ ሥራቸውን የሚነጥቅ ሳይሆን እጃቸውን የሚያረዝም መሆኑን ቢያውቁት መልካም ነው።

ፕፋፍ በሰምና በጀሶ የታካሚውን ሥቃይ አቃለለ። ሞርማንና ብራንደስቲኒ ብርሃንን ልክ መውሰጃ አደረጉ። የኢትዮጵያና የውጭ አገር ተመራማሪዎች አንዲት ጥርስ ሳይሰብሩ የሰላምን ቀናት ቆጠሩ። ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በፊት ለሞተች ሕፃን ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገ፣ ዛሬ በሕይወት ላለው፣ ጥርሱን ታሞ በአንድ ጎኑ ለሚያኝከው ገበሬ ከዚህ ያነሰ ሊደረግለት አይገባም። የማንኪራ ቡና ዘር ዓለምን ዞሮ ወደ ምንጩ ሳይመለስ ቀርቶ ይሆናል፤ የማንኪራ ሰው የጥርስ አምሳያ ግን በሄደበት መንገድ ተመልሶ፣ የተሠራውን ጥርስ ይዞ ወደ ባለቤቱ መምጣት አለበት። የጥበቡ ዋጋ የሚመዘነው በዚህ ነው።